አንድ ጊዜ የሚጮኸው ስልክ

ስልኩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ «ቁጥሩ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደ ቅድሙ፣ ከቅድሙም በፊት እንደነበረው።

«አንዱ ዱርዬ እየተጫወተብን ነው» አሉ እንደ አጎት የማያቸው የሥራ ባልደረባዬ ቶፋዛል ቻቻ።

«በዚህ ነፋስ ለጀልባ አምቡላንስ የሚደውል ዱርዬ የለም፣ ቻቻ» አልኩ። « ሚስድ ኮል ነው። ሂሳቡ ሊያልቅበት የደረሰ ሰው መልሳችሁ ደውሉልኝ እያለ ነው።»

«ወዴት እንደውልለት? ወደ ነፋሱ?»

እውነታቸውን ነው። የመግና ወንዝ ሞልቶ ደሴቶቹን ቆራርጧቸዋል፤ ጀልባችን አንድ ናት፤ የሚደውለው የት እንዳለ ሳናውቅ ወዴት እንልካታለን? ቁጥሩን ማንበብ የነበረበት ኮምፒውተሩ ውስጥ የሰካሁት አዲሱ የስልክ ካርድ ነው። አራት መስመር ይቀበላል፣ የመስመሩን የገደል ማሚቶ ያጠፋል፣ ምን የማያደርገው አለ! ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ ሳየው ጉዱ ታየኝ። ካርዱ ቁጥሩን የሚጠብቀው ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ ነው፤ የኛ አገር መስመር የሚልከው ደግሞ ከጩኸቱ በፊት። እንግዳው ስሙን ሲናገር ይሄ ጉረኛ ጆሮውን ደፍኖ ተቀምጧል።

ጥፍር የምታህል ጥቁር መሰኪያ አለችው። እሷን «በኋላ» ከሚለው ነቅሎ «በፊት» የሚለው ላይ መሰካት ነው። ግን ኮምፒውተሩ መጥፋት አለበት።

«ጠፍቶ ሳለ ቢደውልስ?» አሉ ቻቻ።

«ኤሌክትሪክ ሲያጣ ካርዱ ራሱ መስመሩን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ተራ ስልክ ያዞረዋል። ይጮኻል፤ ቁጥር ግን አያሳይም። ቻቻ፣ ቢጮህ እንዳያነሱት!»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ ቤት ነው። የጮኸ ስልክ አንስቼ እንጂ አፍጥጬበት አላውቅም።»

«ካነሱት ሂሳቡ ላይ የቀረችውን ታካ ይበላበታል። ‹ሄሎ› ሲል ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ሚስድ ኮል እንኳ ማድረግ አይችልም።»

አጠፋሁት። ካርዱ ጠቅ አለ። መሰኪያዋን በመርፌ ጫፍ ነቅዬ ሳልሰካት ተራው ስልክ ጮኸ። የቻቻ እጅ ተወረወረ።

«ቻቻ!»

እጃቸው እጀታው ላይ ቀረ። ስልኩ ዝም አለ።

«ሰው ከሞተ ደሙ ባንቺ ላይ ነው፣ ሞርጂና» አሉኝ። ፈርቼ ነበር።

መሰኪያዋን ሰክቼ አበራሁት። ይሄ ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ አዲስ አማች ይለመናል። በመጨረሻ ካርዱ እንደገና ጠቅ አለ። ጠበቅን። ምንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቻቻ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባነሱት ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥኩ።

አንድ ጥሪ። ከዚያ ዝምታ። ቁጥሩ ተደርድሮ ወጣ!

መልሼ ደወልኩ። ወዲያው ተነሳ።

«እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል!» የወንድ ድምፅ ነው፤ ያለቅሳል። «ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው!»

«የት ናችሁ?»

«ቻር ሞይና ደሴት። ቤቱን ውሃ ወስዶታል፤ መስጊዱ ውስጥ ነን።»

ቻቻ በመስኮት ወደ ጀልባዋ ጮኹ። ሞተሯ ተነሳ።

«አፓ፣ እህቴ፣» አለ ሰውየው፣ «የዚህን ስልክ ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ አይደል?»

«እኛ ነን፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። ስሙ ጆባየር ነው፤ የሚስቱ ሹፊያ። ጩኸቷ በስልኩ ይሰማኛል፤ እየደከመ ሲሄድ እኔ አወራለሁ፤ ምን እንዳወራሁ አላውቅም። የጀልባችን ሞተር ድምፅ ከመስኮታችን ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ጆሮዬ ላይ በያዝኩት ስልክ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ያንኑ ሞተር እንደገና ሰማሁት።