የአለቃ ወልደ ሩፋኤል ብዥታ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ጨለማ እንኳ የራሱ ሐቀኝነት አለው፤ መምጣቱን አይሰውርም፥ ሰውም መብራቱን አብርቶ ይጠብቀዋል። በብርሃንና በጨለማ መካከል ግን ባለቤቱ ያልታወቀ፥ ወሰኑ ያልተካለለ አንድ ጠፍ ምድር አለ፤ ሕዝባችን «ብዥ» ይለዋል። ዕንባ ያቀረረ ዓይን ብዥ ይላል፤ ዝናም የነካው ቀለም፥ ዘመን ያራቀው የሟች መልክ፥ ትኩሳት የያዘው ሕመምተኛ የሚያየው ግድግዳ ሁሉ ብዥ ይላል። ቃሉ ትሑት ነው፤ ደካማ ድካሙን የሚናዘዝበት ነው። ብርቱና ጠቢብ ሲዋሰው ግን የፈሪዎች ዋሻ ይሆናል።

በደጋ ዳሞት ግርጌ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ አለቃ ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሊቅ ነበረ። ቅኔው የተመሰገነ፥ ትርጓሜው የተደነቀ፥ ጥምጥሙ ከሁሉ የነጣ ሰው ነበር፤ ዓይኑም እጅግ ጥሩ ስለ ነበረ ከአውደ ምሕረቱ ማዶ የቆመ ተማሪ የያዘውን መጽሐፍ አንብቦ ግድፈቱን ያርም ነበር። ማዕዱ ግን የሚቀርብለት ከአገረ ገዢው የወንድም ልጅ፥ ከቀኛዝማች ተድላ አዳራሽ ነበር። በአንድ ቅዳሜ ቀትር፥ ፀሐይ በሰው ራስ ላይ በቆመችበት ሰዓት፥ ቀኛዝማች ተድላ አንድን የጨው ነጋዴ «በቅሎዎችህ መንገድ ዘጉብኝ» በማለት በገበያው መካከል በሽጉጥ መትቶ ገደለው። አለቃም ከገበያው ዋርካ ሥር ብራና ሲመርጥ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ፥ ከመጀመሪያው ስድብ እስከ መጨረሻው እስትንፋስ ሁሉን አየ። ገዳዩ እመር ብሎ ሲሄድ፥ አሽከሮቹ ጠመንጃ ያነገተ ምህረቱ የተባለ ምስኪን ገበሬ ይዘው «ገዳዩ ይህ ነው» አሉ፤ በሰንሰለትም አሰሩት።

የምህረቱ ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ በማግሥቱ ከአለቃ ደጅ ወድቃ፥ «የኔታ፥ እርስዎ እንደ ነበሩ አገር አይቷል፤ ሌላው ሁሉ ቀኛዝማቹን ፈርቶ ሸሸኝ፤ ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ» ብትለው፥ አለቃ ጭራውን እያወዛወዘ፥ «ልጄ፥ ነገሩ ብዥ ብሎብኛል» አላት፤ በሩንም ዘጋ። እርስዋ ግን ምስክር አድርጋ በችሎት ቆጠረችው።

በችሎቱ ቀን ዳኛው አዛዥ ክንፈ፥ «ያዩትን በሕግ አምላክ ይናገሩ» ሲለው፥ ይህ ሊቅ እንደ ጉባኤ መምህር ጉሮሮውን ጠርጎ ሐተታውን ዘረጋ። «ብዥ ማለት፥ ጌታዬ፥ ምሥጢሩ ብዙ ነው። ብዥ አለ፥ ዓይን ፈዘዘ፤ አንድም ልብ ተጠራጠረ፤ አንድም ነገሩ ራሱ መልኩን ሸሸገ። የእኔው በሦስቱም ነው።» ቀኛዝማች ተድላ ከወንበሩ ላይ ከት ብሎ ሳቀ፤ ደብተራዎቹም አድንቀው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአንድ ንጹሕ ሰው አንገት ላይ የተፈታ እጅግ ያማረ ትርጓሜ ነበርና። ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች፤ «የኔታ፥ ባሌ የሚሰቀልበት ገመድ ግን አንድ ትርጓሜ ብቻ ነው ያለው» አለች። አለቃ መሬት መሬት አየ።

ከሕዝቡ ኋላ፥ ሰው እንዳይነካት ፈቀቅ ብላ፥ ድንቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ አሮጊት ተቀምጣ ነበር። «ቡዳ ናት» ይሏት ስለ ነበር በችሎት ትመስክር ብሎ ያሰበ አልነበረም። እርስዋ ግን በበትርዋ እየዳበሰች ወደ መካከል መጣች። «ጌታዬ፥ ያሳይዎ፤ እኔስ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ሆኖብኛል። ቢሆንም ተኳሹ ሲሸሽ እንስራዎቼን እየረገጠ በላዬ አለፈ፤ ካባውን ጨምድጄ ያዝሁት። ‹ልቀቂኝ፥ አንቺ ጭቃ!› ብሎ በእርግጫ መታኝ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፤ አሁንም ከወዲያ ሲስቅ እሰማዋለሁ። ይህም በእጄ ቀረ» ብላ ከመቀነትዋ የተቀረጸ የብር ቁልፍ አወጣች። ዳኛው የቀኛዝማቹን ካባ ይመርምሩ ብሎ አዘዘ። ትዕቢተኛው ሰው ካባውን እንኳ ለመለወጥ አልደከመም ነበርና፥ ከአምስቱ ቁልፎች የአንዱ ስፍራ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ሰንሰለቱ በዚያው ሰዓት ከምህረቱ ወጥቶ ወደ ተድላ ዞረ። ምህረቱ ከድንቄ እግር ሥር ተደፋ፤ ሚስቱም የአሮጊቲቱን ጭቃ የጠገበ እጅ በሰው ሁሉ ፊት ሳመች፤ ቡዳ ናት ብሎ እጁን የሰበሰበው ሁሉ ዐንገቱን ደፋ። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ግን አልተከሰሰም፥ አልተገረፈም፤ መፍዘዝን የሚቀጣ አንቀጽ በፍትሕ ዘንድ የለምና። በማግሥቱ እንደ ወትሮው ጥምጥሙን አሳምሮ በጉባኤው ተቀመጠ። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ቀለም ፈልገው ተመለሱለት፤ ምክር ፈልጎ ደጁን የመታ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አልነበረም። ዕውቀት ከምላስ አልፎ ወደ ልብ ካልወረደ ባለቤቱን ከመጽሐፍ ማኅደር አይለየውም፤ ማኅደር ግን ቢያንስ በሐሰት አይመሰክርም።