በማዕበል ቀን የመጡ ሽማግሌዎች

ዩኒስ የተባለችው ማዕበል ለንደን ልትገባ ስትል ቀይ ማስጠንቀቂያ ታወጀ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተባለ። ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ሰማ። የክሮይደኑ አቶ ገብረ መድኅንና ጓደኛቸው አቶ ዳኛቸው ግን በዚያ ዐርብ ስትሪትሃም፣ እነ ውብነሽ ቤት፣ ለሽምግልና ቀጠሮ ነበራቸው። ሽማግሌ ደግሞ ለነፋስ ብሎ ቀጠሮ አይሰርዝም።

ውብነሽ ማለዳ ደውላላቸው ነበር። «አቶ ገብረ መድኅን፣ ለሌላ ቀን ብናደርገው አይሻልም?»

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነድቻለሁ» አሏት። አውቶቡስ መንዳትና ማዕበል ምን እንደሚያገናኛቸው ሳያስረዱ ስልኩን ዘጉት።

ባሏ ባፈና ከንጋቱ ጀምሮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን መቋጠር ይለማመዳል። ነገሩ ካለቀ እኮ ቆይቷል። ሴት ልጃቸው ሚካልና እጮኛዋ ሌዊ ከተስማሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ የሠርጉን አዳራሽ ቡክ አድርገዋል፤ ኬኩን እንኳን ቀምሰው መርጠዋል። ሌዊ በየእሁዱ ከቸርች መልስ እዚሁ ቤት ይበላል፣ የባፈናን ስልክ ያስተካክላል፣ ባፈናም «ልጄ» እያለ ይጠራዋል። የቀረው ነገር ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ቆመው ልጅቷን መለመናቸው፣ ባፈና ደግሞ ወሬውን ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው መደንገጡ ብቻ ነበር።

«ዛሬ እሺ አልልም» አላት ክራባቱን እያጠበቀ። «በሁለት ሳምንት ተመለሱ ነው የምላቸው።»

«ለምን?»

«አባትሽ አምስት ጊዜ አመላልሰውኛል።»

«አባቴ እኮ ስላልወደዱህ ነው።»

ባፈና አልሰማም። መስማት የማይፈልገውን ባለመስማት በኩል የሚደርስበት ሰው አልነበረም።

ውብነሽን ልጅሽን ትሰጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። የእሷ ድርሻ ዶሮውን መሥራትና መደበቅ ነበር። መልሱ እሺ ከሆነ ምግቡ ይቀርባል፤ ካልሆነ እንደተከደነ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ማንም የማይበላውን ወጥ ስትሠራ አረፈደች።

ሽማግሌዎቹ አምስት ሰዓት ላይ በአቶ ገብረ መድኅን ፕሪየስ መኪና ደረሱ። የአቶ ዳኛቸው ባርኔጣ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ጠጉራቸው ወደ አንድ ወገን ተኝቷል፤ ግርማ ሞገሳቸው ግን እንዳለ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ሳዶቅ ባቡር ስለቆመ ከሉተን መምጣት አልቻሉም። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ካልሆነ አይሆንም፤ ስለዚህ በቪዲዮ ተገኙ። አቶ ዳኛቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ሥዕል ይዘው ቆሙ። አቶ ሳዶቅም ሉተን፣ በገዛ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ቆመው ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለች ውብነሽ።

«መልካም ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ገብረ መድኅን።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሳዶቅ ከሉተን።

ቤቱ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንድ ተንጋዶ የተሠራ መስኮት አለ፤ ከመጸው ጀምሮ ማጠፊያው ልል ሆኗል። ባፈና ለአከራዩ ድርጅት ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጥሪው ለእነሱ እጅግ አስፈላጊ መሆኑ በሙዚቃ ታጅቦ ተነግሮታል። አሁን መስኮቱ በነፋሱ ይንቀጠቀጣል፤ አቶ ገብረ መድኅን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከአብርሃም ጀመሩ። አብርሃም ለልጁ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን እንደላከ፣ ሎሌው ግመሎቹን ይዞ ወደ ውኃው ጉድጓድ እንደሄደ ተረኩ። ግመሎቹ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ የጎረቤት የቆሻሻ በርሜል መንገዱን እየተንከባለለ ሲያልፍ ተሰማ። ርብቃ ውኃ ስትቀዳ የጣሪያው ሸክላ ይረግፍ ጀመር።

«ባጭሩ» አሉ አቶ ዳኛቸው ወደ ላይ እያዩ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ለሌዊ ስጡን።»

ባፈና ግንባሩን ቋጠረ። በደንብ ተለማምዶታል። «እንዲህ ያለው ነገር ድንገተኛ ነው። ቤተ ዘመድ ማማከር አለብኝ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ የጠበቁትን መልስ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው እጅ ነሱና ወረዱ። ውጭው በር ላይ እንደደረሱ ሕንፃውን ያናወጠ ድምፅ ተሰማ። ውብነሽ በመስኮት ስታይ ከቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ፕሪየሱ ላይ ተኝቷል። ቀሪው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው፤ የሚታየው የኋላ መብራት ብቻ ነው።

በሁለት ሳምንት የተቀጠሩት ሽማግሌዎች በሁለት ደቂቃ ተመለሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውስጡ አልነበራችሁም» አለች ውብነሽ። አቶ ገብረ መድኅን ፊታቸው አመድ መስሎ ስለነበር ስለ አውቶቡሱ ዘመናቸው ምንም አላነሱም። ውኃ ልትቀዳላቸው ስትዞር የጣሪያው መስኮት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተነቅሎ በረረ። ዝናቡ በቀዳዳው ገብቶ ሶፋው ላይ ወረደ፤ መጋረጃው ወደ ላይ ተሳበ፤ መብራቱም ጠፋ።

«ወደ ኮሪደሩ» አለች። ሦስቱም ወንዶች ቆመው ቀዳዳውን ሲያዩ ጊዜ ባሏን በክራባቱ፣ አቶ ዳኛቸውን በክንዳቸው እየጎተተች አስገባቻቸውና የሳሎኑን በር ዘጋች።

ኮሪደሩ መስኮት የሌለው፣ አራት ሰው ጉልበቱን አጥፎ ሲቀመጥ የሚሞላ ነገር ነው። መልካም ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ያሉት አቶ ገብረ መድኅን ጫማ መደርደሪያ ላይ፣ አቶ ዳኛቸው የምንጣፍ መጥረጊያው ሁቨር ላይ ተቀመጡ። አቶ ሳዶቅ ስልኩ ውስጥ ጥቂት ካመነቱ በኋላ እሳቸውም ተቀመጡ።

ችግሩ የማድ ቤቱ በር እዚያው መሆኑ ነበር። የዶሮው ሽታ በጨለማው ውስጥ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ይዘዋወራል።

«እኔ ስኳር አለብኝ» አሉ አቶ ዳኛቸው ቀስ ብለው። «ሰዓት ጠብቄ ነው የምበላው።»

«ምግብ ከቀረበ እሺ ማለት ይሆናል» አለ ባፈና። ጣሪያው ከላዩ ላይ እየሄደ እንኳ ሥርዓቱ አሳስቦታል።

«ዳቦስ?»

«ዳቦም ምግብ ነው።»

ክርክሩ ከበድ ሲል የአቶ ሳዶቅ ፍርድ ከሉተን መጣ። «ቆሎ አይቆጠርም።» ስለዚህ ውብነሽ ቆሎ አመጣች፤ ሦስቱ ወንዶች በጨለማ ውስጥ ሳይስማሙ ቆረጠሙ።

ቀጥሎ ነፋሱ እንደገና ተነሳ። የሳሎኑ በር ልክ ሰው እንደሚገፋው ወደ ኮሪደሩ ጎበጠ፤ ባፈና በጀርባው ደገፈው፤ ውብነሽም አጠገቡ ተጠግታ በትከሻዋ ያዘችው። ከበስተጀርባቸው ብርጭቆ ሲሰበር ይሰማል። ጋብ ሲል አቶ ገብረ መድኅን ጠየቁ፤ ድምፃቸው አሁን የሽማግሌ አይደለም፣ የፈራ ሰው ነው።

«አቶ ባፈና፣ እንደ ወንድም ይንገሩኝ። ልጁ ምን ጉድለት አለበት?»

«ጉድለት የለበትም።»

«ታዲያ ሁለት ሳምንት ለምን ያስፈልጋል?»

ባፈና በሩን በጀርባው ይበልጥ ገፋ። «ሚካል ከሄደች» አለ በመጨረሻ፣ «እዚህ ቤት ከማን ጋር ነው የማወራው?»

ውብነሽ ክንዷ ክንዱን ነክቶ ነበር። መጀመሪያ በነፋሱ ምክንያት አሳስታ የሰማች መሰላት። ሠላሳ አንድ ዓመት። ኩላሊቱን ያመመው ጊዜ ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችው፣ ቅጹን ሁሉ የሞላችለት፣ አሁንም በሩን አብራው የያዘችው እሷ ናት። ግን ዋሽቷል ልትል አልቻለችም። ራት ላይ ሚካል መካከላቸው ትቀመጣለች፤ «እናትሽን ጨው አቀብይኝ በያት» ይላል፤ እሷም «አባትሽን ጨው አይፈቀድለትም በዪው» ትላለች። ልጅቷ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የሠራችው የአስተርጓሚ ሥራ ነው፤ ያውም ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

አቶ ዳኛቸው ቆሎ መቆርጠም አቆሙ።

«አቶ ገብረ መድኅን» አለች ውብነሽ። «ሰጥተናል።»

«ወይዘሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ቃል ከአባትየው ነው የሚወጣው።»

«አባትየው የሚያወራው ሰው የለውም ተብሏል። እኔ ልናገርለት።»

«ምን አሉ? ሰጥተናል ነው ያሉት?» አሉ አቶ ሳዶቅ። «ሰጥተናል ብለዋል» ብለው ወደ ኋላቸው ተናገሩ፤ ከሉተን ማድ ቤት የባለቤታቸው እልልታ ተሰማ፤ ከዚያ የአቶ ዳኛቸው ስልክ ባትሪ አለቀ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሚካል ከምትሠራበት የክላፋም መድኃኒት ቤት ደወለች። «ማሚ፣ እንኳን ደስ አለሽ የሚለኝ ሰው በዝቷል። ወት ሃፐንድ? ዳዲ ዛሬ ኖ ነው የሚለው አላልሽኝም?»

«ነፋሱ ነው» አለቻትና ወጡን ልታወጣ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ሳህን በጉልበታቸው ይዘው በባትሪ ብርሃን በሉ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ጨመሩ። ባፈና አልበላም። በሩን መደገፍ አለብኝ አለ፤ ነፋሱ ግን ያኔ ቀንሶ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሌዊ በእግሩ መጣ። ፕሪየሱን ዞሮ አየ፣ ሽማግሌዎቹን አቀፋቸው፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ቀዳዳ በወፍራም ፕላስቲክ ሸፈነው። ጉድለት የሌለበት ልጅ ነው። አቶ ገብረ መድኅን የመኪናቸውን የኋላ መብራት ለመጨረሻ ጊዜ አዩና፣ ጋብቻው የተባረከ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምልክት እንደማያስፈልግ ተናገሩ፤ ከዚያ አውቶቡስ ፍለጋ ሄዱ።

ሲመሽ መብራት አልመጣም። ሚካል ጓደኛዋ ጋ አድራለሁ አለች። ሁለቱ ኮሪደሩ ውስጥ፣ አንድ ሻማ መሐላቸው አድርገው ተቀመጡ፤ ሶፋው ውኃ ጠጥቷል።

«ያልኩት ነገር» አለ ባፈና፣ «እንደዚያ ማለቴ አልነበረም።»

«ነበር።»

ክራባቱን ፈታ፤ ጠቀለለው፤ ኪሱ ከተተው። አንድ ነገር ለማምጣት ሩቅ እየሄደ እንዳለ ሰው ፊቱ ተጨማደደ።

«ሥራሽ ላይ የምትንከባከቢያቸው አሮጊት ሴትዮ... ፔጊ። ደህና ናቸው?»

«ፔጊ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

«አልነገርሽኝም።»

«ነግሬሃለሁ። ዜና እያየህ ነበር።»

ባፈና ሻማውን አየ። ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል፣ ስልኩም ሞቷል። «አሁንስ የምትንከባከቢው ማንን ነው?» አለ።

ዝም ልትለው ነበር፤ ይገባው ነበርና። ግን እንቅልፏ አልመጣም፤ ቤቱም ብርድ ነው። ስለዚህ ነገረችው። ሚስተር ኮሊን ይባላሉ፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ ምጽዋ ድረስ ሄደው ያውቃሉ፤ ሾርባ ስትሰጣቸው ጨው አነሰው እያሉ ይነጫነጫሉ፤ ልጃቸው ከአውስትራሊያ ሲደውል ግን ምግቡ ግሩም ነው ብለው ይዋሹለታል። አንድ ሰዓት ያህል አወራች። ባፈና በመሐል ሁለት ጥያቄ ጠየቃት፤ አንዱ ደህና ጥያቄ ነበር።