ከቀብሩ በፊት የተጫኑ ሥዕሎች

አፀደ የእድሩን መልእክት ያነበበችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላፍቶ ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው። «በአባላችን በአቶ ቱሉ ኮርሳ ቤት ሐዘን ስለደረሰ አባላት መካኒሳ አቦ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው እንድትገኙ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት» ይላል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ «ቱሉዬ» አለች፤ እንባዋም ወዲያው መጣ። እንባው የውሸት አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መመስከር ያስፈልጋል፣ ከዚህ በኋላ ያደረገችውን የሰማ ሰው ማመን ይቸግረዋልና።

ቱሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ያገኘችው ሠዓሊ ነው። ባሏ መኩሪያ በብረት ንግድ ያፈራውን ሁሉ ትቶላት ሲሞት፣ ሌላዋ መበለት ብትሆን ፎቅ ላይ ፎቅ ትደርብ ነበር፤ አፀደ ግን ሥዕል መግዛት ጀመረች። ለቱሉ ነፋስ ስልክ ስቱዲዮ ተከራየችለት፣ ኤግዚቢሽን ከፈተችለት፣ በቴሌቪዥን ቀርባም «ከቤተልሄም ሌላ ልጅ ቢኖረኝ እሱ ነው» አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራለች።

እድር የሚጠራው ድንኳን የሚተከልበትን ቤት እንጂ ሟቹን አይደለም። ይህን መካኒሳ ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አፀደም ታውቀው ነበር፤ ነገር ግን ከመካኒሳ ለቃ ላፍቶ ከገባች ወዲህ መዋጮዋንና የቀሪ ቅጣቷን በሹፌር እየላከች፣ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠች ስምንት ዓመት አልፏታል። ቱሉ ደግሞ ባለፈው ወር ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሰንብቷል። ብትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ማን ነው የሞተው ብላ አንድ ጎረቤት ብትጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ጥቁር ልብሷን ስትለብስ ስቱዲዮው ትዝ አላት። በሚቀጥለው ወር ኤግዚቢሽን ታስቦ ነበር፤ አንድ ባለሆቴልም ሥዕሎቹን ሲለምናት ከርሟል። የሞተ ሠዓሊ ሥራ ምን ያህል እንደሚፈለግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የቱሉ ዘመዶች ከወሊሶ መጥተው ሳይከፋፈሉት፣ አለች በሆዷ። ለልጇ ለቤተልሄም ግን ለታሪክ መቀመጥ አለበት ብላ ነገረቻት።

ቤተልሄም ዓይኗ አብጦ መኪናውን ታሽከረክር ነበር። እርሳስ አያያዝ ያስተማራት ቱሉ ነው። ለቅሶው አይቀድምም ወይ ብላ አንዴ ጠየቀች፤ እናቷ እንደርሳለን አለቻት። ሦስት ሰዓት ላይ አፀደ የመለዋወጫ ቁልፏን አውጥታ ስቱዲዮውን ከፈተች። አሥራ ሰባት ሥዕል፣ በዚያ በለቅሶ ልብሷ፣ በገዛ እጇ እየተሸከመች ጫነች። የመጨረሻው ሸራ መወጠሪያው ላይ ነበር፤ የአንድ ሽማግሌ ፊት፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ። ማን እንደሆኑ አታውቅም። እሱንም ከላይ አስተኝታ ጫነችው።

የመኪና መንገዱ ተዘጋግቶ መካኒሳ አቦ የደረሱት ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ቤተልሄም መኪናውን የምታቆምበት ስትፈልግ፣ አፀደ ቀድማ ወርዳ ገና ከቅያሱ አፍ ደረቷን እየመታች፣ የቱሉን ስም እየጠራች፣ እኔን ልጄን እያለች ወደ ድንኳኑ ገባች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከወንዶቹ መካከል ጋቢ የደረበ አንድ ሰው ብድግ አለ።

ቱሉ ነው።

ደረቷን መምታቷን ተወች። አጠገቧ የነበሩ አንድ አዛውንት ነገሩ ስለገባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሞቱት አባቱ አቶ ኮርሳ መሆናቸውን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ልጃቸው ቤት መኖራቸውን ነገሯት። ልጄ ነው ስትል የኖረች ሴት፣ የልጇ አባት በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አታውቅም ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ቱሉ ግን አልሳቀባትም፤ ቅርም አላለውም። አቅፏት እንደ አዲስ አለቀሰ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣

«እኔ ስሞት የሚያለቅስልኝን ሰው በቁሜ አየሁ» አለ። «እናቴ ናቸው።»

የእናትነት ቦታ ለቀቁላት። አፀደ ተቀመጠች። ቱሉ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ላስቸግርዎ አላት። አባቱ ፎቶ መነሳት ስለማይወዱ አንድም ፎቶ የላቸውም። እሱ የጀመረው ሥዕላቸው ስቱዲዮ ውስጥ አለ፤ አስከሬኑ ሲወጣ ከፊት እሱ እንዲያዝ ይፈልጋል። የእሱና የሚስቱ ቁልፍ ዛሬ ጠፍቷል፤ እሷ ጋ ያለውን ልካ ብታስመጣለት።

መኪናው ውስጥ ነው ብትል ሦስት ቃል ነበር። ሦስቱም ምላሷ ጫፍ ደረሱ። እንዴት ገባ ቢባልስ? ሽማግሌዎቹ እያዩዋት ነው፤ ቱሉ እጇን እንደያዘ ነው።

«አሁን ሄጄ አመጣልሃለሁ» አለች።

መኪናው ውስጥ ገብታ የሆነውን ለቤተልሄም ነገረቻት። ልጅቱ ቱሉ ደህና መሆኑን ስትሰማ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀና ብላ ግን ሥዕሉ ይኸው ከኋላችን አይደል፣ ምን እንጠብቃለን አለች።

«መንገዱ ቢከፈት እንኳ ከዚህ ነፋስ ስልክ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» አለች አፀደ። «አሁኑኑ ይዤ ብገባ ምን ይላሉ?»

ቤተልሄም መኪናውን አስነስታ ሁለት ቅያስ አልፋ፣ አንድ የተዘጋ ጋራዥ በር ላይ አቆመች። እዚያ ቁጭ አሉ፤ አንዲት መበለትና ልጇ፣ ከኋላቸው አሥራ ሰባት ሥዕል። የቀለሙ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። አፀደ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ደቂቃ ነው የሄደው። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ደግሞም ይበልጥ ያሳፈራት፣ እያፈረች ሰዓት መቁጠሯ ነው።

«እማዬ» አለች ቤተልሄም ፊቷን ሳታዞር። «እኔ ብሞት መጀመሪያ የት ትሄጃለሽ?»

አፀደ እንደገና ሰዓቷን አየች። 

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተመለሱ። አፀደ ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ስትደርስ የተቀበለቻት የቱሉ ሚስት ቢሊሱማ ናት። ቢሊሱማ ዝምተኛ ሴት ናት፤ በኤግዚቢሽን ቀን ከኋላ ቆማ የምትታይ፣ አፀደም ደህና ነሽ ከማለት አልፋ አነጋግራት የማታውቅ። ሥዕሉን ተቀብላ ለቆመ ጎረምሳ ሰጠችና፣ አፀደን በክንዷ ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደቻት።

«አራት ሰዓት ላይ ይህንኑ ላመጣ ሄጄ ነበር» አለች። «በሩ አልተሰበረም። ውስጡ ግን አንድም ሥዕል የለም። ሌባ ደግሞ ቁልፍ የለውም። ለቱሉ ቁልፉ ጠፋብኝ አልኩት።»

አፀደ ልታስረዳ ጀመረች።

«ምንም አይበሉኝ» አለች ቢሊሱማ። ቁጣ እንኳ የለባትም። «ዛሬ አባቱን ነው የሚቀብረው። በአንድ ቀን ሁለት ሰው አላስቀብረውም።»

ከዚያ የአፀደን ቀኝ እጅ አነሳች። የጥቁሩ ልብስ እጅጌ ላይ፣ ከሥዕሉ ሽማግሌ ጉንጭ የነካት ቡኒ ቀለም ተለቅልቋል። ቢሊሱማ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ቀለሙን ከውስጥ አስገባችው፤ የትንሽ ልጅ ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው ነጠላዋንም አደላደለችላት። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ይግቡ አለቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አስከሬኑ ወጣ። ቱሉ የአባቱን ሥዕል ደረቱ ላይ ይዞ ከፊት ሄደ፤ ሽማግሌዎቹም እናቱ ይቅረቡ ብለው አፀደን ከጎኑ አቆሟት። በየመንገዱ ሰው እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላት ነበር፤ እሷም የታጠፈውን እጅጌ በሌላው እጇ ጨብጣ አሜን እያለች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ቤተልሄም ከቢሊሱማ ጋር ከኋላ ቀረች።