የጀግናው ጀርባ

ጋሼ «የጨዋታው ጀግና እኔ ካልሆንኩ» ብለው ድርቅ ያሉት ገና ሥራው ሲጀመር ነው። ጋሼ የቢሮው ባለቤትም ሥራ አስኪያጅም ናቸው። ስድስት ሰው፣ ስድስት ኮምፒውተርና አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ ባሉበት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ ያሠራሉ። የቢሮው ሠዓሊ ዙሪያቸውን እየዞረች ሰባ ፎቶ አነሳቻቸው። ከፊት ስትመጣ ሆዳቸውን ይስባሉ፤ ከኋላ ስትዞር ይለቁታል። «ደረት ጨምሪልኝ፣ ትከሻም ጨምሪልኝ» አሏት። ስለ ጀርባቸው ምንም አላሉም። የራሱን ጀርባ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ?

ጨዋታው ግን የሚታየው ከኋላ ነው። ተጫዋቹ የሚያይበት የማይታይ ካሜራ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ጀግናውን ይከተለዋል። ሜዳ ላይ ሲሆን ሸጋ ነው። ጀግናው ቤት ገብቶ ግድግዳ ሲደገፍ ግን ካሜራው ግድግዳውን በስቶ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ የሚያየው የቤቱን ጉድ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ግድግዳ፣ ጀርባ የሌለው ቁም ሣጥን፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ ባዶ።

ይህን የማስተካከል ሥራ የተሰጠው ለአዲሱ ሠራተኛ ለጭምቱ ነው። ስሙን ያወጡለት የቢሮው ሰዎች ናቸው፤ በሦስት ወር ውስጥ ጋሼ ባሉበት ከአፉ የሰሙት «እሺ» እና «አዎ» ብቻ ስለሆነ። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ጨዋታውን የምትገዛው ሴትዮ ልታየው ትመጣለች።

«ስማ» አሉት ጋሼ። «ያን ቀን ካሜራው በግድግዳ ከወጣ፣ አንተ በበር ትወጣለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ደግሞ ምን ያስቸግራል? ግድግዳውን አወፍረው!»

ጋሼ ቀድሞ ቤት ሠሪ ነበሩ፤ ለሁሉም በሽታ መድኃኒታቸው ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ሁለት ሜትር ወፈረ። ክፍሎቹ ጠበቡ፣ አልጋው ግማሽ ጎኑን ተዋጠ፣ ጀግናውም መኝታ ቤቱ በር ላይ ተሰነቀረ። እግሩ ይራመዳል፤ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ራሳቸውን በር ላይ ተሰንቅረው ሲያዩ ያልጮኸ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉ።

«ስብሰባ አለብኝ» ብለው ውልቅ።

ልማዳቸው ነው። የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ ስብሰባ፤ መብራት ሲጠፋ ስብሰባ፤ ሠራተኛ ፈቃድ ሲጠይቅ ስብሰባ። «ይህን ያህል ስብሰባ ያለበት ሰው» ትላለች ሠዓሊዋ፣ «አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ላይ አልታየም።»

ጭምቱ ግድግዳውን ወደ ነበረበት መለሰና በራሱ መንገድ ጀመረው። ከጀግናው ጭንቅላት ወደ ካሜራው ክር የሚያህል የማይታይ መስመር ዘረጋ፤ መስመሩ ግድግዳ ከነካ ካሜራው እዚያው ይቆማል። ክሩ ግን በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መሃል እየሾለከ አስቸገረው። በክሩ ፋንታ የማይታይ ኳስ መወርወር ጀመረ፤ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ። ኳስ አይሾልክም። በአራተኛው ቀን ካሜራው አደብ ገዛ፤ ግድግዳ ሲያገኝ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ጀግናው ጠጋ ይላል።

ጭምቱ ለመፈተን ጀግናውን ጥግ አስያዘው። ካሜራው ጠጋ፣ ጠጋ፣ አሁንም ጠጋ አለ። ስክሪኑን ሞልቶ የወጣው የጋሼ ማጅራት ነበር። ከማጅራቱ በላይ የድስት ክዳን የሚያህል መላጣ ያበራል።

«እንዴ! ይሄን ለምን ሠራሽው?» አላት ሠዓሊዋን።

«ያነሳሁትን ነዋ የሠራሁት! ካሜራህ አራት እርምጃ ርቆ ሲያየው የፀጉር ወዝ ይመስላል፤ ማን ይለየዋል ብዬ?»

«ፀጉር ጨምሪበታ።»

«ጀግናው ላይ እሳቸው ሳይፈርሙ አንዲት ፀጉር አትነካም። ምን ብዬ ላስፈርማቸው? ጋሼ፣ መላጣ ነዎትና እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ?»

ጭምቱ ሁለቱንም መንገድ መዘነ። ኳሱን ቢያነሳ ካሜራው ይወጣል፣ እሱም ይከተላል። ቢተወው ጋሼ በገዢያቸው ፊት መላጣቸውን ስክሪን ሙሉ ያዩታል።

ከሥራ ሲወጣ ወደ ታላቅ እህቱ ፀጉር ቤት ሄደ። እሷ አንድ ጎልማሳ አስተካክላ ስትጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላው ያዘችለት፤ ግን ዝቅ አድርጋ። ሰውዬው የአንገቱን ጥራት አይቶ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ሄደ።

«እታለም፣ መላጣውን አላሳየሽውም እኮ።»

«አንተ ሞኝ! ባሳየው ተመልሶ ይመጣል?»

በማግስቱ ማለዳ ጭምቱ አንድ ነገር ጨመረ። ካሜራው ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ሲቀርብ ጀግናው እንደ ጉም እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል።

ሴትዮዋ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ጋሼ ስለ ጀግናው ጀብዱ ሲያወሩ ሳትሰማቸው፣ ጀግናውን የኋሊት እየነዳች ጥግ አስያዘችው።

«ሁሉም ቦታ መጀመሪያ የምፈትነው ይሄን ነው» አለች።

ካሜራው ግድግዳው ፊት ቆመ። ጀግናው ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ።

«ሰውዬው የት ገባ?»

ሁሉም ወደ ጭምቱ ዞረ። ፊቱ ቀላ፤ አፉ ሳያስፈቅደው ተከፈተ።

«ስብሰባ አለበት።»

ሠዓሊዋ ሳቋን በሳል ልትሸፍን ሞክራ ታነቀች። ሴትዮዋ ጀግናውን ወደ ሳሎኑ መሃል አወጣችው፤ ደረቱን ነፍቶ ብቅ አለ። ጥግ ስታስይዘው ጠፋ። ስታወጣው መጣ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት!» አሉ ጋሼ። «ጀግና መሰወር አለበት። ካሜራውንም ቢሆን እኔው ነኝ የፈታሁት።»

«እሰይ! በምን ያዙት? እስቲ ያስረዱኝ።»

የጋሼ እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ። ስልኩ አልጮኸም።

«ሃሎ? ወይኔ፣ ረስቼው! ይቅርታ እመቤት፣ ስብሰባ…»

በሩ ተዘጋ። ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ጭምቱ አዞረች።

«አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ካሜራውን ከዚህ ልጅ በቀር ማንም አይነካም። አሁን አስረዳኝ።»

ጭምቱ ሊናገር ቀና ሲል በመስኮቱ በኩል ጋሼ መንገዱን ሲሻገሩ አያቸው። ፀሐይዋ ከኋላ አናታቸው ላይ አርፋ ታበራለች። ሴትዮዋም አየች፣ ሠዓሊዋም አየች። ጭምቱ ተነስቶ መጋረጃውን ሳበና ስለ ኳሱ ማስረዳት ጀመረ።