ኦሪሲያ ያየችው ኩብ

ኦሪሲያ ማርኪቭና ኪየቭ ውስጥ በእኛ ላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ኢትሪየም የሚባለውን ብረት ከካርቦን ጋር በምድጃ አቅልጣ፣ የሚወጣውን ካርባይድ በኤክስሬይ ትመረምራለች። ይህ ካርባይድ በጣም ሲግል አተሞቹ ጎኑ ሁሉ እኩል በሆነ ኩብ ይደረደራሉ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ኩቡ በአንድ በኩል ተስቦ ይረዝማል። ኦሪሲያ በድንገት ሳቀዘቅዘው ኩቡ ሳይለወጥ ቀረልኝ ብላ በስብሰባችን ላይ አቀረበች። እኛ ዘንድ ማንም ያልቻለው ነገር ነበር።

ያስተማሯት ህናት ዛሃሮቪች የናሙናውን የኤክስሬይ ፊልም ወደ መስኮቱ አንስተው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ናሙናውን እርጥበት ያገኘው ይመስለኛል» አሉ። «እስቲ እንደገና አግለሽ እዪው።»

ምስጋና ስትጠብቅ ይህን በመስማቷ ደሟ ፈላ። «የኩቡ መስመሮችማ ፊልሙ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ምናልባት ምድጃው ዓይንዎን ጠብሶት ይሆናል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ሽማግሌው ፊልሙን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባም ሥራም መምጣት ተዉ።

ኦሪሲያ አፋቸውን ለማስያዝ ስትል አዲስ ናሙና ሠርታ፣ እያጋለች በኤክስሬይ አነሳችው። ሲግል ኩቡ መጣ፤ በድንገት ብታቀዘቅዘውም ጠፋ። ብትደግመውም ያው ሆነ። ያን ጊዜ የድሮውን ናሙና ብልቃጥ ከፈተች። የብየዳ ጋዝ የሚመስል ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ ካርባይዱ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ተበላሽቷል። ናሙናውን ለኤክስሬይ የፈጨችው ዝናብ እየዘነበ፣ መስኮቱን ራሷ ከፍታ ነበር። ኩብ ብላ ያወጀችው ከእርጥበቱ የመጣ፣ አተሞቹ እንዲሁ በኩብ የሚደረደሩ ኦክሳይድ ኖሯል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስታ ሁሉንም ተናገረች። ፊቷ እሳት መስሎ ነበር። ከዚያ ህናት ዛሃሮቪች ቤት ሄደች፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ድንች ሲልጡ አገኘቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ካርባይድ ያላታለለው ሰው የለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔንም ስንቴ አታሎኛል።»

«ታዲያ ከሥራ ለምን ቀሩ?»

ቢላዋውን አስቀመጡት። «እውነትሽን ስለሆነ ነዋ። መስመሮቹ አይታዩኝም። እርጥበት ያልኩሽም ያን ሰሞን ዝናብ ስለነበረ እንጂ ፊልሙን አይቼ አይደለም። የዓይኔን ነገር ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩም።»

ኦሪሲያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ይህን ያጫወተችኝ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፤ ያኔም ስትነግረኝ አታየኝም ነበር።

ያን ቀን አዲሱን ፊልም አውጥታ መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። እሳቸውም እየሰሙ በቃላቸው አሰሉ፣ አንድ ቦታም አረሟት። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ፊልም በመጣ ቁጥር ኦሪሲያ ሰው ሳያይ ታነብላቸዋለች።

አንድ ጠዋት ዚኖቪ የሚባለው ባልደረባችን ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ሲያልፉ አየና ሳቀ። «ምድጃ የጠበሳቸው መጡ።»

«ዚኖቪ፣ እባክህ ተው» አለችው ኦሪሲያ።

«ምነው? ካንቺው አይደል እንዴ የሰማሁት?»

ዞር ብላ ሽማግሌውን አየች። ህናት ዛሃሮቪች ሰምተው እንደሆነ አላወቀችም፤ እርምጃቸው ግን አልተለወጠም።