ጋይ ያስቀየረው አምፕሊፋየር

አሮጌው የጊታር አምፕሊፋየር ይቀየር ብሎ የሞገተው፣ የኒውላንድ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ተጫዋች ጋይ ነው። «ብራንዱ ስም ስላለው ብቻ እስከ መቼ እንሸከመው? ያረጀ ነገር ይብቃን!» አለ ስብሰባው ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ዕቃ ሲጠግኑ የኖሩት አቶ ሬአት አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጡም።

አዲሱ አምፕሊፋየር ቀላልና የሚያብረቀርቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያቃጥል ቀትር፣ የአቶ ሬአት የቀብር ሽኝት መዝሙር መሃል ላይ ጭጭ አለ። ጋይ ቁልፉን ቢነካካ፣ ቢመታው፣ ወይ ፍንክች። የስንት ዘመን ልማድ አፉን ቀደመውና፣ «አቶ ሬአትን ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ የተቀመጡት ባለቤታቸው ኛፑዎት ቀና ብለው አዩት።

«ይቺን ጥሪ ሲጠብቅ ነው የሞተው፣ ልጄ» አሉት።