ማቀዝቀዣው ዜሮ ያለ ዕለት

ሒክማ ዐብዱልከሪም ኮምፒውተር ተምራ እንደተመረቀች፣ በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጎንደር ውስጥ አንድ የክትባት መጋዘን ቀጠራት። በከተማው አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ የሆኑት ወላጆቿ ሱቅ እንድትይዝላቸው ቢለምኗትም እሷ ግን ልቧ ከማሽኑ ጋር ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ አምሐ የትልቁ ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ከተሰበረ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው ነበር። በኋላ ግን ሙቀት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አገኙና በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኟት። አንድ ትዕዛዝ ሲጻፍለት ኮምፒውተሩ ዲግሪውን ይናገራል። ችግሩ፣ ሰው ቁጭ ብሎ በየጊዜው መጻፍ አለበት። ሒክማ ታዲያ ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ትዕዛዙን በራሱ እየላከ መልሱን በትልቅ ቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራች።

«ጋሽ አምሐ፣ ይምጡ ይዩት!» አለች በደስታ።

አቶ አምሐ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ስክሪኑ ላይ «0» ይላል።

«እግዚኦ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «ዜሮ? በረዶ ሆኗል ማለት እኮ ነው! የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ አይረባም። ነገ ትክል ድንጋይ ከተማ እናቶች ልጅ አዝለው ይሰለፋሉ፤ ምን ልበላቸው?» ዘመቻውን ለማሰረዝ ስልኩን አነሡ።

«ቆይ፣ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ!» ሒክማ ትዕዛዙን በገዛ እጇ ጻፈችው። ስክሪኑ ላይ ያለው የትዕዛዝ መጻፊያ ጥቁር መስኮት ወዲያው መለሰላት፤ 6.8።

ሁለቱም ተያዩ።

«የቱን እንመን?» አሉ አቶ አምሐ።

ሒክማ ፕሮግራሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። ትዕዛዙን የላከችው «ሲስተም» በሚለው የፐርል ቃል ነው። በድንገት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ገባኝ! ሰው ልኬ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እይልኝ ብዬው፣ እሱ ተመልሶ ‹ያለ ችግር ደርሼ መጣሁ› ብቻ ነው ያለኝ። ዜሮ ማለት ያ ነው። ያየውን አልነገረኝም! ፕሮግራሙ ከጀርባ ስለሚሠራ እውነተኛው ቁጥር ማንም የማያየው ቦታ ሲፈስ ነበር።»

«ታዲያ ያየውን እንዲናገር አድርጊያ!»

ትዕዛዙን በሁለት ትንንሽ ጭረቶች መሐል ብታስገባው ፐርል መልሱን ይይዝላታል። የጭረቷ ቁልፍ ግን ከኪቦርዱ ላይ ተነቅላ ጠፍታለች። «ሌላ መንገድ አለው» አለች ሒክማ እየሳቀች፤ በጭረቶቹ ፈንታ ኪውና ኤክስ የተባሉትን ሁለት ፊደላት ከቅንፍ ጋር ጻፈችና አስነሣችው።

6.8።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ዘለለች። አቶ አምሐም እጃቸውን አጨበጨቡ። ክትባቱ በረዶ አልሆነም፤ ዘመቻውም አይቀርም።

ፕሮግራሙ በየደቂቃው ይጠይቃል። ቁጥሩ 6.9 ሆነ። ደስታቸው ሳይበርድ 7.1 ሆነ።

«ምነው ይወጣል?» አሉ አቶ አምሐ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ማቀዝቀዣው አስጠግተው አዳመጡ። «ሒክማ፣ የሞተሩ ድምፅ የለም።»

መብራቱ በርቷል፤ ሞተሩ ግን ቆሟል። ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ክትባቱ በሙቀት ይበላሻል። የመጓጓዣ ሳጥኖች አሉ፤ በረዶው ግን የሚሠራው በዚያው በቆመው ማቀዝቀዣ ነበር።

ሒክማ አዘዞ ዓሣ የሚሸጠው አጎቷ በድሩ ትዝ አላት። ደወለችለት።

«አጎቴ፣ በረዶ! ያለህን በረዶ ሁሉ ይዘህ ድረስ!»

«ምን ሆንሽ ልጄ? አመመሽ እንዴ?»

«እኔ ደኅና ነኝ፤ የታመመው ክትባቱ ነው! የስንቱ ሕፃን ነው መሰለህ፣ ቶሎ በል!»

በድሩ ሌላ አልጠየቀም። እነሱ የማቀዝቀዣውን በር ሳይከፍቱ ቁጥሩን እያዩ ጠበቁት። 7.4። 7.6። አቶ አምሐ ከስክሪኑና ከመስኮቱ መሐል ይመላለሳሉ። 7.7 ሲል የማኪና ጡሩንባ ግቢውን አናወጠው። በድሩ ዓሣ ዓሣ የሚሸት በረዶ በኬሻ ተሸክሞ እየሮጠ ገባ።

«የት ላድርገው?»

«እዚህ ሳጥኖቹ ውስጥ! ግን በረዶው ክትባቱን እንዳይነካው ጨርቅ በመሐል!» አሉ አቶ አምሐ። ክትባቱን ወደ ሳጥኖቹ ለማዛወር ሦስቱም ተረባረቡ፤ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይደረድራል፣ አንዱ ይከድናል። ሒክማ መለኪያዋን ከማቀዝቀዣው አውጥታ አንዱ ሳጥን ውስጥ ከተተችና ወደ ስክሪኑ ሮጠች።

«ሰባት ነጥብ አምስት!» ብላ ጮኸች። ትንሽ ቆይታ፣ «ስድስት ነጥብ ሁለት!» ከዚያ፣ «አምስት! አምስት ገባ!»

በድሩ ስለ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባው አብሯቸው ጮኸ። አቶ አምሐ በእርጥብ እጃቸው የሁለቱንም እጅ ጨበጡ።

በነጋታው ሳጥኖቹ በበድሩ ማኪና ትክል ድንጋይ ደረሱ። ሒክማም ለማየት አብራ ሄደች። ገበያው አጠገብ ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ የሚያልቅ አይመስልም። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን እያባበለች ወደ እሷ ዞር አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ? መርፌም አልያዝሽ።»

«እኔ ማሽን ነው የማናግረው» አለቻት ሒክማ።

«ይመልስልሻል?»

«ከትናንት ወዲህ አዎ!» አለችና ሳቋን መያዝ አቃታት። ሴትዮዋም ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዞረች አብራት ሳቀች።